ኤቫርትስ ግራም፦ የሳንባ ካንሰርን ምንጭ ሳይወዱ የደረሱበት ሐኪም

የፒትስበርግ ከተማ ነዋሪ የነበሩት ዶክተር ጄምስ ጊልሞር በ1933 መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚዙሪ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወደሚገኘው ባርንስ ሆስፒታል ሲመጡ ዕድሜያቸው 48 ነበር። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው። ካለፈው ዓመት አንሥቶ ትኩሳትና ሳል እየተመላለሰ አስቸግሯቸዋል። በአፍ በኩል ወደ መተንፈሻ ቧንቧ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ ከግራ ሳንባቸው ናሙና ተወሰደና ተመረመረ። ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ሁለት ነገር ፈጸሙ፤ ጥርሳቸውን አስሞሉ፣ የመቃብር ቦታም ገዙ።

ጥርሱን የሚያስሞላ ሰው ነገን ያስባል፤ መቃብር የሚገዛም እንዲሁ። ዶክተር ጊልሞር ሐኪም በመሆናቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በካንሰር ምክንያት ሙሉ ሳንባው በአንድ ቀዶ ሕክምና ወጥቶለት በሕይወት የተረፈ ሰው አልነበረም።

ኤፕሪል 5 ቀን ደረታቸው ተከፈተ። ቢላዋውን የያዙት የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ዶክተር ኤቫርትስ ግራም ነበሩ። ዕቅዳቸው የታመመውን የሳንባ ክፋይ ብቻ ቆርጦ ማውጣት ነበር። ውስጡ ሲታይ ግን ዕጢው በአንድ ክፋይ ተወስኖ አልቀረም፤ ወደ ሳንባው ሥር ተጠግቶ ቀሪውንም ነክቶታል። በቦታው ተገኝተው ቀዶ ሕክምናውን ይከታተሉ ለነበሩት የጊልሞር ወዳጅ ሐኪም፣ ሙሉውን ሳንባ ማውጣት ግድ እንደሆነ፣ ይህንን ግን በእንስሳት ላይ እንጂ በሰው ላይ ሠርተውት እንደማያውቁ ነገሯቸው። ከዚያም ቀጠሉ። የደም ሥሮቹንና የአየር ቧንቧውን ሥራቸው ላይ በአንድነት አስረው ሳንባውን ቆርጠው አወጡት። የቀረው ባዶ ቦታ መግል እንዳይቋጥር የደረቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ እንዲሰምጥ ሰባት የጎን አጥንቶችንም አነሡ። በሽተኛው በሆስፒታሉ ከሁለት ወር በላይ ተኝተው፣ በመጨረሻ ወደ ቤታቸው፣ ከዚያም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዜናው በሕክምናው ዓለም በአጭር ጊዜ ተሰማ። መዳኛ የለውም ይባል የነበረ በሽታ፣ በጊዜ ከተደረሰበት፣ ተቆርጦ ሊወጣ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ግራምን ስመ ጥር ያደረጋቸው ይህ ቀን ነው። ሆኖም የሕይወታቸው ከባዱ ምዕራፍ ገና አልተጀመረም፤ ያንን በሽታ ያመጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ 17 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ መልሱም በኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ኤቫርትስ አምብሮዝ ግራም በ1883 በቺካጎ ተወለዱ። አባታቸውም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ1904፣ በዚያው በቺካጎ ከሚገኘው ከራሽ የሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በ1907 ተመርቀዋል። በዘመኑ ቀዳጅ ሐኪም የሚመሰገነው በእጁ ፍጥነት ነበር፤ ወጣቱ ግራም ግን ከምረቃ በኋላ ተመልሰው ኬሚስትሪ አጠኑ። ያገቡትም የኬሚስትሪ ምሁር ነው፤ ባለቤታቸው ሄለን ትሬድዌይ በኋላ በራሳቸው ጥናት የታወቁ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነዋል። ባልና ሚስቱ ማስረጃ የሌለው ነገር የማይወደድበት ቤት መሥርተው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህንን ጠባይ ፈተነው። በ1918 በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ውስጥ ወታደሮች የሳንባ ምች እየያዛቸው፣ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል መግል እየቋጠሩ ይሞቱ ነበር። የተለመደው ሕክምና ደረትን ቶሎ ከፍቶ መግሉን ማፍሰስ ነው። ግራም አባል የሆኑበት የሠራዊቱ ኮሚሽን የሞቱን ምክንያት ሲመረምር ጥፋቱ በከፊል ከሐኪሞቹ ቢላዋ መሆኑን ደረሰበት። ደረት ያለ ጊዜው ሲከፈት የውጭ አየር ይገባል፣ ሳንባ ይጨመቃል፣ የደከመው ወታደርም ትንፋሽ ያጥረዋል። ምክራቸው ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ በመርፌ መቅዳት፣ ቁስሉ እስኪጠና መታገሥ፣ ከዚያ መክፈት። በየሰፈሩ በአማካይ ከመቶ 30 ገደማ የነበረው የሞት መጠን፣ ምክሩ በሥራ ላይ በዋለበት ከመቶ 5 በታች ወረደ። የጊልሞር ደረት ከ15 ዓመት በኋላ ሲከፈት በውስጡ ያለው የአየር ግፊት እንዴት እንደሚሠራ ከግራም የበለጠ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1919፣ በሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያም የሐሞት ከረጢትን በራጅ ለማየት የሚያስችለውን ዘዴ ከባልደረባቸው ከዋረን ኮል ጋር አገኙ። ይህ ብቻውን ስማቸውን ለማቆየት በበቃ ነበር።

ግራም ሴንት ሉዊስ በገቡበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ባርንስ ሆስፒታል አንድ ሰው ሞተ። የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰሩ ጆርጅ ዶክ የአስከሬን ምርመራውን እንዲያዩ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠሩ። የጠሩበት ምክንያት ዛሬ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ነው፦ ሰውዬው የሞተው በሳንባ ካንሰር ነበርና፣ በሽታው እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ተማሪዎቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ሌላ ላያጋጥማቸው ይችላል ተብሎ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ አልተን ኦክስነር ይባሉ ነበር። በእርግጥም ሁለተኛውን በሽተኛ እስኪያዩ 17 ዓመት አለፈ። በ1936 ግን፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ስመ ጥር ቀዳጅ ሐኪም ሆነው ሳለ፣ በስድስት ወር ውስጥ ዘጠኝ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን መጡባቸው። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም አጫሾች ነበሩ፤ ማጨስ የጀመሩትም በዚያው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢን ሊያሳስት የሚችል አንድ ነገር አለ። በቋንቋችን የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣው፣ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ደግሞ ለካንሰርም ያገለግላል። ሁለቱ በሽታዎች በሳል፣ በደም አክታና በክሳት ይመሳሰላሉ፤ በመነሻቸው ግን አይገናኙም። ካንሰር ከማንም አይጋባም፤ የራስ ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ መራባቱ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞችም ሁለቱን እያምታቱ ይሆናል፣ ካንሰሩ የበዛው ራጅ ስለተስፋፋና ስለሚታይ እንጂ ስለጨመረ አይደለም የሚሉ ብዙ ነበሩ። መጨመሩን ያመኑትም በምክንያቱ አልተስማሙም። አንዱ የመኪና ጭስ ይላል፣ ሌላው የመንገድ አስፋልት፣ ሌላው የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ወይም በጦርነቱ የተረጨው የመርዝ ጋዝ።

ኦክስነር ከሲጋራ ነው አሉ። ግራም አልተቀበሏቸውም። የሲጋራ ሽያጭና የሳንባ ካንሰር አብረው ጨመሩ ከተባለ፣ የሴቶች የናይለን ስቶኪንግ ሽያጭም እኮ አብሮ ጨምሯል ብለው እንደተሣለቁ ይነገራል። ስላቁ ባዶ አልነበረም፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስላደጉ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ግን ግራም ይህን ሲናገሩ እርሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያጨሱ ሰው ነበሩ። ሳይንሳዊ ጥንቃቄያቸው የት ላይ አብቅቶ ሱሳቸው የት ላይ እንደጀመረ እርሳቸውም የለዩት አይመስልም።

በዚህ መካከል ኧርንስት ዊንደር የሚባል የሕክምና ተማሪ መጣ። ዊንደር ጀርመን ተወልደው በናዚዎች ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር የተሰደዱ አይሁዳዊ ወጣት ነበሩ። በ1947 በጋ ኒው ዮርክ ውስጥ በሳንባ ካንሰር የሞተ ሰው አስከሬን ሲመረመር ተመለከቱ። ከሟቹ ባለቤት እንደተረዱት ሰውዬው በቀን ሁለት ፓኬት ያጨስ ነበር። ወደ ሴንት ሉዊስ ሲመለሱ ሕሙማንን አንድ በአንድ ስለ ማጨስ ልማዳቸው ለመጠየቅ ፈቃድ ፈለጉ። ፈቃዱን የሚሰጡት ደግሞ በነገሩ የማያምኑት፣ በእጃቸው ሲጋራ የማይጠፋው ግራም ናቸው።

ፈቀዱ። ተማሪው ስሕተቱን ራሱ ቢያይ ይሻላል ብለው ይሆናል፤ ያም ሆነ ይህ በራቸውን አልዘጉም፣ በኋላም ስማቸውን ከስሙ ጎን አሰለፉ። በአሜሪካ የሕክምና ዓለም የግራም ስም ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለሚያውቅ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ያልታወቀ ተማሪ ብቻውን ቢጽፈው ኖሮ ማን ያነበው ነበር?

ጥናቱ ከአንድ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በምርመራ የተረጋገጠ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 684 ሰዎች ተመዘገቡ። ጥያቄው አጫሽ ነህን ብቻ አልነበረም፤ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ትስባለህን የሚል ነበር። ካንሰር የሌለባቸው የሆስፒታል ሕሙማንም በዚሁ መልክ ተጠየቁ። ውጤቱ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በሜይ 27 ቀን 1950 ወጣ። በጥናቱ ከተካተቱት ውስጥ በዋና ዋናዎቹ የሳንባ ካንሰር ዓይነቶች ከተያዙት 605 ወንዶች መካከል ከመቶ 96.5ቱ ለብዙ ዓመታት ከመጠነኛ በላይ ያጨሱ ነበሩ። ካንሰር ከሌለባቸው ወንዶች መካከል ይህን ያህል ያጨሱት ከመቶ 73.7 ናቸው። ሁለተኛው አሃዝ የዘመኑን ልማድ ይናገራል፤ ከአራት ወንዶች ሦስቱ ገደማ አጫሽ በሆኑበት አገር ሲጋራን መጠርጠር ውኃን እንደ መጠርጠር ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ በብሪታንያ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ከለንደን ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ውጤት አወጡ። ዶልም ሥራውን ሲጀምሩ ጥርጣሬያቸው በመንገድ አስፋልት ላይ ነበር።

ግራም አመኑ። ዕድሜያቸው ወደ 70 እየተቃረበ፣ የናይለኑን ቀልድ ትተው፣ የራሳቸውን ሲጋራ ጣሉ።

ከማመንም አልፈው ገፉበት። ቁጥር ብቻ ምክንያትን አያስረዳም የሚለው የቀድሞ ክርክራቸው አሁንም ያስጨንቃቸው ስለነበር፣ ከዊንደርና ከባልደረባቸው ከአዴል ክሮኒንገር ጋር ሆነው ሲጋራ የሚያጨስ ማሽን አሠሩ። ከጭሱ የተሰበሰበውን ሬንጅ መሰል ታር እየቀለጠ በአይጦች ጀርባ ላይ ለወራት ቀቡት። በ1953 መጨረሻ የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ታሩ ከተቀቡት 81 አይጦች ከመቶ 44ቱ ካንሰር ያዛቸው። አሁን ነገሩ ከሆስፒታል ወጥቶ ገበያ ገባ። የትምባሆ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በዚያው ዲሴምበር ኒው ዮርክ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ በጃንዋሪ 4 ቀን 1954 ደግሞ ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጡ። ማስረጃው ያልተረጋገጠ ነው፣ እኛም በራሳችን ገንዘብ እናስጠናዋለን አሉ። ጥርጣሬን መልሶ የመዝራት ይህ ዘዴ ለአሥርት ዓመታት ጠቅሟቸዋል። የሚያስገርመው ግን በግራም አፍ በቅን የተነገረውን ክርክር ወስደው ለንግድ ማዋላቸው ነው።

ሲጋራ በሳንባ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ዛሬ በተሻለ ሁኔታ ይታወቃል። የአየር ቧንቧዎች ውስጠኛ ገጽ በጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ እነርሱም አቧራና አክታን ወደ ላይ እየጠረጉ ያወጣሉ። ጭስ መጀመሪያ እነዚህን ያደነዝዛል፤ ጠራጊው ሲደክም ታሩ ባለበት ይቀመጣል። በውስጡ ያሉት ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ከሕዋሱ የዘር ቅንጣት ጋር እየተጣበቁ ጉዳት ያደርሳሉ። ሰውነት ብዙውን ይጠግናል፤ ያልተጠገነው ይጠራቀማል። አንድ ሕዋስ እንዳይራባ የሚከለክለው ትእዛዝ እስኪበላሽ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ያልፋል። በጦርነቱ ዘመን በነፃ የታደለው ሲጋራ በ1930ዎቹ መጨረሻ መግደል የጀመረው ለዚህ ነው፤ ሐኪሞችን ያሳሳተውም ይኸው ርቀት ነው። የሳንባ ሥጋ ደግሞ የሕመም ስሜት የለውም። ዕጢው ቧንቧ እስኪዘጋ፣ የደረት ግድግዳ እስኪነካ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እስኪዛመት ድረስ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። አጭሰው የማያውቁ ሰዎችንም ይይዛል፤ የሌላ ሰው ጭስ፣ የተበከለ አየር፣ አስቤስቶስና ከመሬት የሚተን ሬዶን የተባለው ጋዝ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። የሚበዛው ግን ከትምባሆ ነው። ማጨስ ያቆመ ሰው አደጋው ከዓመት ዓመት ይቀንስለታል፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላም ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርድለታል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ግራም ዐሥሩን ዓመት አላገኙትም። በ1957 መጀመሪያ ላይ ታመው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ለብዙ ዓመታት በመሩበት በዚያው ባርንስ ሆስፒታል ተኙ። ራጁ በሁለቱም ሳንባዎቻቸው ውስጥ ካንሰር እንዳለ አሳየ። አንድ ሳንባ ማውጣት እንደሚቻል ለዓለም ያሳዩት ሰው፣ በሁለቱም ሳንባ ለተሰራጨ በሽታ ቢላዋ ፋይዳ እንደሌለው ሌላ ሐኪም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ ለአልተን ኦክስነር ደብዳቤ ጻፉ። ያንን ሁሉ ዓመት ሲከራከሯቸው የኖሩት፣ በመጨረሻም ልክ ነበርክ ያሏቸው ወዳጅ ናቸው። በሽታው እንደ ሌሊት ሌባ ሾልኮ እንደገባባቸው ነገሯቸው። ማጨስ ካቆሙ ከአምስት ዓመት በላይ እንደሆናቸው፣ ችግሩ ግን ከዚያ በፊት ለ50 ዓመት ማጨሳቸው እንደሆነ አከሉ። በደብዳቤው ውስጥ ምሬት አይታይም፤ የበሽተኛውን ታሪክ ለባልደረባው የሚያስረዳ ሐኪም ድምፅ ነው የሚሰማው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ማርች 4 ቀን 1957፣ 74 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አረፉ።

የአሜሪካ ጠቅላይ የጤና ኃላፊ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በመንግሥት ስም ያወጁት ከዚያ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 1964 ነው።

ዶክተር ጊልሞር በአንድ ሳንባ እየተነፈሱ፣ ከቀዶ ሕክምናቸው በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሩ። ወደ ፒትስበርግ፣ ወደ ሙያቸው ተመልሰው እናቶችን ማዋለዳቸውን ቀጠሉ። ሐኪማቸው ሲሞቱ በሕይወት ነበሩ፤ በ1963 አረፉ፣ ካንሰሩም አልተመለሰባቸውም። በ1933 የገዟት የመቃብር ቦታ ያን ሁሉ ዓመት ሳትፈለግ ቆየች።